ላንጋኖ ላይ ስለቀለድኩብህ ቀልድ

ውዴ ስዩሜ፣ የካዛንቺስ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ፤

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። «እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና አፈርኩ፤ የት እንዳለህ ባላውቅም እንዴት እንደሌለህ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ለሰው እንደዚያ ነው የምለው። «ደህና ነኝ» ማለት ለጠያቂ የሚቀርብ ወንበር ነው፤ ትንሽ አረፍ ይልበትና ይሄዳል። ላንተ ወንበር አላቀርብም። ደህና አይደለሁም፤ ቆመህ ስማኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ላንጋኖ ላይ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ፊት የቀለድኩብህ ቀልድ ጎድቶህ ነበር? ይህችን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ይዣት ስዞር ኖሬ ባለፈው ቅዳሜ መልስ አገኘሁ። መልሱ ደግሞ ከጥያቄው የባሰ ሆነ። እደርስበታለሁ። አንተ አጀንዳ ሳይጸድቅ ወደ ዋናው ጉዳይ መግባት ስለማትወድ፣ መጀመሪያ የቤቱን ሪፖርት ላቅርብ።

ቤታችን የለም። አትደንግጥ፤ ቤታችን ብቻውን አይደለም የሄደው፣ ሰፈሩም አብሮት ሄዷል። ታክሲ ላይ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ብሎ የሚጮህ ረዳት አሁንም አለ፤ ወራጁ ግን ወርዶ ዝም ብሎ ይቆማል፣ የቱ ጋ እንደነበር ይፈልጋል። በእኛ በር ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፣ መብራት ተተክሏል፣ አበባ አለ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። አንድ ቀን ሄጄ ቆምኩበት። ከትልቁ ዛፍ ተነስቼ እርምጃዬን ስለካው የቆምኩት መኝታ ቤታችን ውስጥ ይመስለኛል። ሁለት ፍቅረኞች መጡና «እናት፣ አንዴ ፎቶ አንሺን» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። አነሳኋቸው። በአልጋችን ራስጌ ተቃቅፈው ሲስቁ ሦስት ፎቶ አነሳኋቸው፤ አንዱ ተበላሽቶ ነበርና ደገምኩላቸው።

ጎረቤት ተበታትኗል፤ አንዱ ገላን፣ አንዱ አቃቂ። እኔና ቤዛ ላንቻ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። ግትርነቷ ያንተ ነው፣ ምላሷ የእኔ፤ ለሚያገባት ሰው ከአሁኑ እየጸለይኩለት ነው። ሱሪዎችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ግራጫውን ብቻ አስቀረሁ፤ ጉልበቱ ላይ ያንተ ቅርጽ አለበት። ሳይተኮስ ነው ያጣጠፍኩት።

ጀልባህን ግን ማንም አልወሰዳትም። ዕቃ የጫንን ቀን ቢጫዋን ካያክ አይሱዙ ላይ ከቁም ሣጥኑም ከፍሪጁም በላይ አስረን፣ ንግሥት አስመስለን አወጣናት። ባምቢስ ጋ ትራፊክ አስቆመን። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሾፌሩን ጠየቀው። ሾፌሩ ወደ እኔ አየና «እኔ እንጃ፣ የሟች ነው» አለ። ትራፊኩ ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ አሳለፈን። እስከ ላንቻ ድረስ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ኳ ኳ ሲል ነበር፤ የላንጋኖ ጠጠር ነው ብዬ ተውኩት። አሁን በረንዳችን ላይ ተጋድማለች። አከራያችን በጎኗ ባለፉ ቁጥር እግራቸውን እንቅፋት እየመታቸው «ይቺ ነገር መቼ ነው የምትሄደው?» ይላሉ። «ውኃው ሲመጣ» እላቸዋለሁ። የቧንቧውን መስሏቸው «እሱማ ሐሙስ ነው» ይሉኛል።

እስቲ አሁን ማን ይሙት፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የካያክ ክበብ የሚያቋቁም ሰው ካንተ ሌላ ማን አለ? አገር ለቆ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ ጎረቤት ሁለት ጀልባውን ለማን እንደሚተው ቢቸግረው፣ አንተ እጅህን አወጣህ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሮ ስትሠራ በፈቃድህ እጅህን ስታወጣ ያን ቀን የመጀመሪያህ ነበር። ወር ሳይሞላ ለሁለት ጀልባ አሥራ አንድ አባል ተመዘገበ፤ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ የሥራ አመራር ሆኑ። አንተ ሊቀመንበር፣ ገረመው ጸሐፊ። ያ ምስኪን ጓደኛህ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረው፣ የአገሩን ሐይቅ ሁሉ ጥልቀት በቃሉ የሚያውቀው፣ አንዱን እንኳ ግን በእግር ጣቱ ነክቶ የማያውቀው። ልምምዱ በእኛ ግቢ ነበር፤ ዱካ ላይ ተደርድራችሁ፣ የመወልወያ እንጨት ይዛችሁ፣ «ግራ! ቀኝ! ግራ!» ጀልባዎቹ ተገልብጠው ስለሚውሉ ጎረቤት በርበሬ ያሰጣባቸው ነበር። ላንጋኖ በወረዳችሁ በመጀመሪያው ቀን ክበቡ በሙሉ እያስነጠሰ የቀዘፈው ለዚያ ነው።

ደንቡን ደግሞ ገረመው ከእድራችን ደንብ ቃል በቃል ገለበጠው። «እድር» የሚለውን እየሰረዘ «ክበብ» ብሎ ተካ፤ ቀሪውን አላነበበውም፣ እናንተም ሳታነቡ በሙሉ ድምፅ አጸደቃችሁት። የዚህን መዘዝ ቆይቼ አጫውትሃለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድንኳኑ ነው። ሁለት ቀን ሐይቅ ዳር እንደር ስትሉ፣ ከአሥራ አንድ ቀዛፊ ድንኳን ያለው አንድም አልነበረም። አንተ ደግሞ የእድሩ ንብረት ኃላፊ ነበርክ። የእድሩ ዳኛ «ስዩም፣ ይሄ ድንኳን ለሞተ ሰው ነው» ቢሉህ፣ ፊትህን ቅጭም አድርገህ «ጋሼ፣ ከመካከላችን ዋና የሚችል የለም፤ ካስፈለገ እዚያው ይገኛል» አልካቸው። ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸውና ፈረሙ። ድንኳኑ ያለ አግዳሚ ወንበሮቹ አይወጣም ስለተባለም፣ የመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ፣ የታደለ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሁለት ጀልባ፣ አንድ የለቅሶ ድንኳንና ስምንት አግዳሚ ተጭኖ ላንጋኖ ወረድን። ታደለ የክበቡ አባልም ሾፌርም ነበርና መንገዱን ሙሉ መኪናውን «ቀስ በይ፣ ሬሳ የለብንም እኮ» እያለ ያናግራት ነበር።

ቅዳሜ ሁሉም ቀዘፈ፤ አንተ ብቻ አልቀዘፍክም። ሐይቁ ማኪያቶ መስሎ ተኝቷል፣ ሰው ሁሉ ተራ ይሻማል፣ አንተ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተጋድመህ ፊሽካ ትነፋለህ። «እኔ አስተባብራለሁ» አልክ። ሦስት ዓመት ሙሉ መቅዘፊያ ለሰው ማስነካት የሚያንገበግብህ ሰው! መጠየቅ ነበረብኝ። ሚስት ነኝ፤ አጠገብህ ተቀምጬ «ምን ሆነሃል?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ካፒቴኑ በደረቅ መሬት ሰጠመ» ብዬ ሰው አሳቅኩ። ከዚያ በፊትም በየጠዋቱ፣ ከቢሮ በፊት፣ በብርጭቆ ውኃ ይዘህ ወደ ግቢ ስትወጣ «የት ነው?» ስልህ «ጀልባዋን ልያት» ትለኝ ነበር። «በአንድ ብርጭቆ ልታንሳፍፋት ነው?» እያልኩ ጎረቤት እስኪሰማ እስቅብህ ነበር። አንተም ትስቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት እንግዲህ እነዚያ ሰዎች መጡ። አስታወስካቸው? የአካባቢው አባቶች ናቸው፤ በመንገዳቸው ሲያልፉ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አዩ። ምን ይበሉ? በትራቸውን ደጅ አቁመው፣ ጫማቸውን አራግፈው ገቡ፤ ሰባት ይሆናሉ። ዝም ብለው ተቀመጡ። እኛም ሰው ሲቀመጥ ዝም ማለት ለምዶብን ዝም አልን። ያ ሁሉ የተማረ ሰው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ክበብ፣ አንዱ እንኳ ተነስቶ «ኧረ የሞተ የለም» ማለት አቃተው። ገረመው እንዲያውም እንባውን ጠረገ። ኋላ ብጠይቀው «ድባቡ ነው» አለኝ። ታደለ ዳቦና ሻይ ማደል ጀመረ፤ በቃ ነገሩ ሙሉ ለቅሶ ሆነ።

አማርኛ የሚችሉት ሽማግሌ ሻያቸውን አስቀመጡና «ማን ነው የሞተባችሁ?» አሉ።

እኔን ምን ነካኝ? ዝም ብል ምን ነበረበት? ጥላ ሥር ተጋድመህ ነበር፤ ገና አልተነሳህም። ጣቴን ወዳንተ ቀሰርኩና «ባሌ ነው የሞተው፤ ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ እንደተጋደመ ነው፤ ቀባሪ ጠፍቶ ነው» አልኩ።

ሳቁ ድንኳኑን አናወጠው። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አስቄ አላውቅም። አንተ ከሁሉ በላይ ሳቅክ፤ እስክትስል፣ እስኪያልብህ፣ ደረትህን እስክትይዝ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ድንኳን ውስጥ እንዲህ አይባልም» አሉኝ። ቀስ ብለው ተነስተው ወዳንተ መጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዕድሜህን መረቁልህ። አንተ ጎንበስ ብለህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ «አሜን» አልክ። ረጅም አሜን ነበር። እኔ የምትተውን መስሎኝ አብሬ አጨበጨብኩ።

ከጉዟችን በሁለተኛው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጫማህን ስታስር ሞትክ። የቀኙን አስረህ ነበር። የግራውን ክር እንደያዝክ ነው ያገኘሁህ፤ «ምን ቀርቶህ ነው፣ ሰርቪስ ጥሎህ ሊሄድ ነው» እያልኩ እየተነጫነጭኩ ነው የመጣሁት። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ጭቃ ውኃ ነው፤ ብዙ አይታየኝም።

አንድ ነገር ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጡ፤ ያንኑ ድንኳን። ሁለቱ ወጣቶች ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲዘረጉት ከእጥፋቱ አሸዋ ተዘረገፈ። በራችን ላይ፣ እግሬ ላይ፣ የላንጋኖ አሸዋ። «አራግፌ፣ አጥቤ፣ አስጥቼ መልሻለሁ» ብለህ ለዳኛው ምለህላቸው ነበር እኮ ስዩሜ! ዳኛው አሸዋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዞር ብለው ተንሰቀሰቁ። እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? ልስቅ ነበር። ሳቁ እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ነበር። ከዚያ ቀልዴ ትዝ አለኝና እዚያው ሞተ።

ትዝ ያለውም ለእኔ ብቻ አይደለም። በሣልስትህ ቀን እህትህ እትዬ ስንዱ፣ ወሬውን ከየት እንደሰሙ እግዜር ይወቅ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በሹክሹክታ «እኛ በእጃችን ሳንቀብረው አንቺ በአፍሽ ቀበርሽው» አሉኝ።

ሟርት አላምንም፤ የተማርኩ ነኝ። ቢሮ ሳለሁ «ሟርት አትበሉ፣ ስጋት በሉት» እያልኩ ሰው ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን አመንኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉን ከዚያ ድንኳን መልሼ ላወጣው አልችልም። ስለዚህ ምላሴን አሰርኩት። ዓመት ሙሉ፣ ስዩሜ፣ አንድም ሰው አላሳቅኩም። ታክሲ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ የመጣልኝን ሁሉ ዋጥኩ። ቤዛ አንድ ቀን «እማዬ፣ እባክሽ ስድብም ቢሆን አንድ ነገር በይኝ» ብላ አለቀሰች። ልጅቷ ሁለት ወላጅ በአንድ ቀን እንደቀበረች ያኔ ነው የገባኝ። እንደዚያም ሆኖ አልቻልኩም። ምን ብናገር ማን ይሞት ይሆን እያልኩ።

ወር አልፎታል፣ ገረመው ደወለ። ድምፁን ቢሮ ቢሮ አስመስሎ «ክብርት ሊቀመንበር» አለኝ። ማን እንደሆንኩ ጠየቅኩት። ለካ ክበቡን ሊዘጋ ደንቡን አንስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቦት ኖሯል። እድራችን ባል ሲሞት ሚስት በቦታው ትተካለች ይላል አይደል? የክበቡም ደንብ እንደዚያው ይላል። ሊቀመንበሩ አንተ ነበርክ፤ እንግዲህ ካረፍክበት ቀን ጀምሮ ዋና የማትችል፣ ውኃ ስታይ የሚያዞራት፣ ገንዳ የሚያስፈራት አንዲት መበለት የካዛንቺስ ካያክ ክበብ ሊቀመንበር ሆና ኖራለች፤ ሳታውቀው። «ክበቡን ለማፍረስም ያንቺ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስብሰባው ደግሞ ባለፈው ጉዞ ቦታ ይሁን» አለ። አልሄድም አልኩ። ቤዛ ስልኩን ቀማችኝና «ትመጣለች» ብላ ዘጋችው።

በዚህ ዓይነት ባለፈው ቅዳሜ ላንጋኖ ወረድን፤ አራት ሰው፣ አንድ ጀልባ፤ ሁለተኛዋ ከሰፈሩ ጋር የት እንደገባች እንጃ። ገረመው፣ ታደለ፣ ቤዛና እኔ። ሌላው አንዱ ሩቅ ተዛውሯል፣ አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዱ ስልክ አያነሳም። ድንኳን ቤዛ ከጓደኞቿ ተውሳ ሁለት ትናንሽ ይዛ መጣች፤ ሰው ተንበርክኮ የሚገባበት ዓይነት ነው። ታደለ ገብቶ እግሩ ውጭ ቀርቶ አየሁና አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት።

ከምሳ በኋላ ቤዛ ጀልባዋን ወደ ውኃው ስትጎትት ያ ነገር ኳ ኳ አለ። «ይሄ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» ብላ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለውን ክብ ክዳን ልትከፍት ስትል፣ ገረመው እንደ ልጅ ሮጦ ደረሰና እጇን ያዘ። «ይቺን እናትሽ ትክፈታት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አበራሽ፣ እኔ ቃለ መሐላ ነበረብኝ፤ ሰውየው ከሞተ ዓመት አልፎታል፣ መሐላውም አብሮት ይሞት» አለኝ።

ከፈትኩት። የክኒን ብልቃጥ ነበር። ሥሩ የቀሩ ክኒኖች፣ ደግሞም በላስቲክ የተጠቀለለ የሐኪም ወረቀት፤ ስምህ አለበት፣ ነሐሴ ይላል። ጉዟችን መስከረም ነበር፤ አንተ ነሐሴ ላይ ታውቅ ነበር።

ገረመው አሸዋው ላይ ቁጭ አለና ነገረኝ። ልብህ እንደደከመ ሐኪሙ ነግሮሃል። መቅዘፍ፣ ማንሳት፣ መጎንበስ፣ ሩጫ ክልክል ብሎሃል። መድኃኒቱን ቤት ውስጥ ብትደብቀው አገኘዋለሁ፤ በዓለም ላይ እጄን የማልሰድበት አንድ ቦታ ጀልባዋ ብቻ ነበረች። በየጠዋቱ ብርጭቆ ይዘህ የምትወጣው ለዚህ ነበር። እኔ አጥር ላይ ሆኜ ጎረቤት እየሰበሰብኩ ስስቅብህ አንተ ክኒንህን ትውጥ ነበር።

ለምን አልነገረኝም አልኩት። ጠይቆህ ኖሯል። «ከነገርኳት ቀልዷን ታቆማለች፤ የሷን ቀልድ ካጣሁ፣ ቀረህ ከተባልኩት ጊዜ ምኑ ቀረኝ?» ብለኸው ነበር። ያን እሑድ ጠዋት ደግሞ፣ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ገረመው ተቆጥቶልህ «በጣም አበዛችው» ቢልህ፣ «ተዋት፤ እኔ ለራሴ እንኳ መናገር የፈራሁትን ነገር አውጥታ ሳቀችበት፤ ቀለል አለኝ» አልከው። ገረመው ሊያጽናናኝ ፈጥሮት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ገረመው መፍጠር አይችልበትም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየስብሰባው የተባለውን ብቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው።

መልሴን አገኘሁ እንግዲህ። ቀልዴ አልጎዳህም። እንዲያውም መድኃኒትህ ነበር። ደስ ይላታል ብለህ ነበር አይደል? እንባዬን ጠርጌ «እፎይ» የምል መስሎህ ነበር?

አንተ ሰው! ሦስት ወር እኮ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እኔን ሳታማክር ስለ እኔ ወሰንክ። አዎ፣ ብትነግረኝ ዝም እል ነበር፤ እውነትህን ነው። አለቅስ ነበር፣ ሐኪም እለዋውጥ ነበር፣ ጸበል እየጎተትኩ እወስድህ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽህን እቆጥር ነበር፤ የማላስቅ፣ የምታሰለች ሴት እሆንብህ ነበር። ግን እሷም እኔ ነበርኩ ስዩሜ። ሃያ ሦስት ዓመት የሳቀችውን ሚስትህን ይዘህ፣ የምታለቅሰዋን ሳታያት ሄድክ። ማን ፈቀደልህ? ቢያንስ፣ ቢያንስ ጫማህን እኔ አስርልህ ነበር። ጎንበስ ማለት እንደከለከሉህ ባውቅ፣ በየጠዋቱ ተንበርክኬ አስርልህ ነበር፤ እየሰደብኩህም ቢሆን።

ይህን ሁሉ እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ውኃው ላይ ጮህኩት። ታደለ ወደ መኪናው ሸሸ። ገረመው አንገቱን ደፋ። ቤዛ ብቻ ወገቤን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ፣ እኔ ትንፋሽ ሳጣ፣ «አባዬ ካልሰማሽ መስማት አይችልም ማለት ነው» አለች። ያኔ ሳቅኩ። ወደድኩም ጠላሁም ሳቅኩ። ከሣልስትህ ጀምሮ የታሰረው ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ፤ አስቀያሚ ሳቅ ነበር፣ ንፍጥ ያለው። ማንም አልሞተም።

ስብሰባው ከዚያ በኋላ ተካሄደ፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። አጀንዳ አንድ፦ ክበቡ ይፍረስ ወይስ አይፍረስ። ገረመው ይፍረስ አለ፣ አልቻልኩም ብሎ። ታደለ ይፍረስ አለ፣ ሰው የለም ብሎ። ቤዛ አይፍረስ አለች። ዓይን ሁሉ ወደ ክብርት ሊቀመንበር ዞረ። አይፍረስ አልኩ። ድምፅ እኩል ሲሆን ሊቀመንበሩ ያለበት ወገን ያሸንፋል ይላል የእድሩ ደንብ፤ ስለዚህ አልፈረሰም። ምክንያትሽ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ ቢለኝ «በእልህ» አልኩት። ጻፈው።

ለእትዬ ስንዱ አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ነበር፤ «ይኸው፣ አፌ አይደለም የቀበረው» ልላቸው። ከዚያ አሰብኩት። እሳቸው አሁን የሚቆጡበት ሰው አላቸው። ይህን ብነግራቸው ግን ታናሽ ወንድማቸው ሕመሙን ከእሳቸውም ደብቆ እንደሞተ ያውቃሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ያን የት ያደርጉታል? ይቆጡኝ። ምላሴ ሰፊ ነው፣ እሱንም ይሸከማል። ይህን ደብዳቤ ሰው እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ የእሳቸው መነጽር ግን ከጠፋ ዓመት አልፎታል፣ የሚያነብላቸው ሰው ቢኖር ይህችን አንቀጽ ይዝለልልኝ።

በሙት ዓመትህ ቀን ሰው ሁሉ ስላንተ ሲናገር ዋለ፤ ትሑት፣ ታጋሽ፣ ግልጽ። ግልጽ! ማን እንደሞተ ግራ ገብቶኝ ፎቶህን ዞር ብዬ አየሁ። እኔ እንደዚያ አላስታውስህም። የማስታውሰው ሲያንኮራፋ መስኮት የሚያርገበግበውን፣ ሻይ ውስጥ አራት ስኳር ጨምሮ «ሁለት ነው» የሚለውን፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገበያ የሚወጣውን፣ ዓይኔን እያየ ሦስት ወር የዋሸኝን ሰውዬ ነው። አንዱንም አላጎድልም። ላንተ ስል አንተን አላሳምርህም።

ሰው «ይቅር በይው፣ ይቀልልሻል» ይለኛል። እኔ የምፈራው መቅለሉን ነው። ይቅር የተባለ ሰው ቀስ እያለ ይደበዝዛል፤ የተቀየሙት ግን በየቀኑ ጠዋት ከእንቅልፍ ቀድሞ ይነሳል። ስለዚህ ስዩሜ፣ ሌላውን ሁሉ ትቼልሃለሁ፣ ነፍስህን ይማር፤ ይህችን አንዷን ግን ትንሽ ቂም እስክመጣ ድረስ ይዤብህ እኖራለሁ።

ሚስትህ አበራሽ